ያረጀ ቤትና የመንግሥት ዋስትና

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




ጣሪያው የሚያፈስ፣ ልስኑ የረገፈ፣ የመብራትና የውሃ መስመሩ ያረጀ ቤት በርካሽ ሲሸጥ ያገኘ ሰው ወደ ባንክ ሄዶ ብድር ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ባንኩ የሚያበድረው ቤቱን በመያዣነት ይዞ ነውና መያዣው ካላስተማመነው ገንዘቡን አያወጣም። ሰውየው ቤቱን ለማደስ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገንዘቡን ለማግኘት ደግሞ ቤቱ አስቀድሞ የታደሰ መሆን አለበት። በዚህ መካከል ቤቱ እንደ ተዘጋ ሌላ ክረምት ያልፍበታል።

ይህን ቋጠሮ በሕግ ለመፍታት ከሞከሩት አገሮች አንዷ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ናት። የሙከራው ታሪክ ከዘጠና ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ የተሳካም ያልተሳካም ምዕራፍ አለው። ጉዳዩ ሲነሣ የባንክ ሰዎችና የሕግ አዋቂዎች ነገር ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ቆሞ የሚገኘው በአንድ ወረቀት ላይ ነው። ያም ወረቀት የዚህ ማኅበር አባላት በየዕለቱ የሚፈርሙት የክፍያ ሰርተፊኬት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1930ዎቹ ከደረሰው ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ የቤት ብድር ዘመኑ አጭር ነበር። ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያበቃል፤ በመጨረሻም ዋናው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ባንኮች ሲዘጉና ሥራ ሲጠፋ ያንን የመጨረሻ ዕዳ የሚያድስ አበዳሪ ታጣ፤ ቤቶችም በሐራጅ ተሸጡ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሰኔ 1934 የፈረሙት የብሔራዊ የቤቶች ሕግ የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር የተባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በምሕጻረ ቃሉ ኤፍ ኤች ኤ የሚባለው ይህ መሥሪያ ቤት ለቤት ገዢ ገንዘብ አያበድርም። የሚሰጠው መድን ነው። ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው የባንኩን ኪሳራ ይሸፍናል፤ የመድኑን ዋጋ ግን የሚከፍለው ተበዳሪው ራሱ ነው። ባንኩ ይህን ዋስትና በማግኘቱ የብድሩን ዘመን ለማራዘምና የቅድሚያ ክፍያውን ለመቀነስ ደፈረ።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ቢኖር የሕጉ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ቤት መግዛት ሳይሆን ስለ ቤት ማደስ መሆኑን ነው። በዚያን ጊዜ አናጢውና ግንበኛው ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ነበርና፣ አዲስ ቤት ለመሥራት አቅም የሌለው ሕዝብ ቢያንስ ጣሪያውን እንዲያስጠግን፣ ማሞቂያውን እንዲያስቀይር ታሰበ። ለዚህ የሚሰጠው ብድር እስከ 2,000 ዶላር ሲሆን፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ባንክ በዚህ መንገድ ካበደረው ጠቅላላ ገንዘብ እስከ 20 በመቶ ለሚደርስ ኪሳራ ዋስ ሆነ።

ዓላማው መልካም፣ አፈጻጸሙም ፈጣን ነበር። ፍጥነቱ ግን ዋጋ ጠይቋል። ገንዘቡ ከባንክ የሚወጣው የቤቱ ባለቤት ሥራው ተጠናቋል ብሎ ሲፈርም ነበር፤ ሥራውን ሄዶ የሚያይ ባለሙያ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ የግድግዳ ልባስና የጣሪያ ክዳን የሚሸጡ አታላዮች ተነሡ። ሕዝቡ ‹‹ድማሚተኞች›› የሚል ስም አወጣላቸው። ባለቤቱ ውሉን ሲፈርም የማጠናቀቂያውን ወረቀት አብረው ያስፈርሙት ነበር፤ ወረቀቱን ለባንክ አቅርበው ገንዘቡን ይወስዳሉ፤ ሥራው ግን ወይ ሳይጀመር ይቀራል፣ ወይ በመጀመሪያው ዝናብ ይላጣል። ነገሩ በ1954 ይፋ ሲወጣ የአገሪቱ ሴኔት ምርመራ አካሄደ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ከሥልጣን ወረደ። መንግሥት ዋስ የሆነው ለባንኩ እንጂ ለባለቤቱ አልነበረምና፣ ያልተሠራ ሥራ ዕዳ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ቀረ።

ከዚህ ሌላ መነሣት ያለበት አንድ ጥፋት አለ። ኤፍ ኤች ኤ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች አደገኛ ናቸው በማለት መድን ይነፍግ ነበር፤ ይህም በገማቾቹ መመሪያ ውስጥ በጽሑፍ የሰፈረ ነበር። ዋስትናው ከከተማ ዳር ወዳሉት አዳዲስ ሰፈሮች ሲጎርፍ በመሐል ከተማ የሚገኙት ጠንካራ የጡብና የድንጋይ ቤቶች ያለ ጥገና አረጁ። ቤቶቹን ያስረጃቸው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የብድር መነፈግም ነው። በቤት ግዢና ብድር ላይ የሚደረገውን አድልዎ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው።

የዛሬው ንግግር ዋና ርእስ የሆነው ድንጋጌ የገባው በ1961 ሲሆን፣ በሕጉ ክፍል 203 ውስጥ ንዑስ ክፍል ኬ ተብሎ ስለተጻፈ እስከ ዛሬ የሚጠራው ‹‹203 ኬ›› እየተባለ ነው። በ1978 እንደገና ተሻሽሏል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤቱ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ታድሶ ሲያበቃ በሚኖረው ዋጋም ይገመት፤ የመግዣውና የማደሻው ገንዘብ በአንድ ብድር፣ በአንድ ውል፣ በአንድ መያዣ ይሰጥ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ለግዢው፣ ቀጥሎ ወለዱ ከፍ ላለ የአጭር ጊዜ የግንባታ ብድር፣ በመጨረሻም ሁለቱን የሚተካ የረጅም ጊዜ ብድር ለማግኘት ሦስት ጊዜ ደጅ መጥናት ነበረበት። ቤቱ ያለው ሰውም ነባር ዕዳውን በዚሁ ብድር ተክቶ ማደስ ይችላል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ቤት በ200,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። ለማደስ 60,000 ዶላር ያስፈልገዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቤት ከሆነ ከእድሳቱ ወጪ ቢያንስ 10 በመቶ፣ ቢበዛ 20 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ ግዴታ ነውና 6,000 ይጨመራል። ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎችን ለጊዜው ብንተዋቸው ድምሩ 266,000 ይሆናል። ገማቹ ደግሞ ቤቱ ሲታደስ 280,000 ያወጣል ብሏል። ሕጉ የሚለው፣ የብድሩ መነሻ ከዚህ ድምርና ከታደሰው ቤት ግምት 110 በመቶ ዝቅተኛው ይሁን ነው። የ280,000 110 በመቶ 308,000 ስለሆነ መነሻው 266,000 ሆኖ ይቆያል። የብድር ታሪኩ የተሟላ ገዢ ከዚህ ላይ 3.5 በመቶውን፣ ማለትም 9,310 ዶላር ከኪሱ ያወጣል፤ 256,690 ይበደራል። ለመድኑ በመጀመሪያ ከብድሩ 1.75 በመቶ፣ ወደ 4,492 ዶላር ይታሰብበታል፤ ይህም ከዕዳው ጋር ሊደመር ይችላል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ ከ1923 ሳይሆን ከ2023 ጀምሮ በአብዛኛው ብድር ላይ በሚሠራው ተመን፣ 0.55 በመቶ ይከፍላል። የቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ይህ ዓመታዊ ክፍያ ብድሩ እስኪያልቅ አይነሣም። ገንዘቡ ርካሽ ነው የሚባለው ይህ ሁሉ ከታሰበ በኋላ መሆን አለበት፤ ደላሎች በችኮላ የሚያልፉት ስፍራም ይህ ነው።

ቤቱ ከአንድ እስከ አራት መኖሪያ ያለው፣ ተሠርቶ ካለቀም ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ተበዳሪው ራሱ ሊኖርበት ይገባል። ከነባሩ መሠረት የተወሰነው እስከ ቀረ ድረስ ቤቱን አፍርሶ እንደገና መሥራትም ይፈቀዳል። አዲስ የመዋኛ ገንዳና የቴኒስ ሜዳ ግን አይፈቀድም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሂሳብ ጉዳይ ነው። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከውሉ ፊርማ በኋላ ነው።

የብድሩ ውል በተፈረመ ቀን ለሻጩ የሚገባው ይከፈለዋል፤ የእድሳቱ 66,000 ዶላር ግን ለባለቤቱም ለሥራ ተቋራጩም አይሰጥም። በአበዳሪው ዘንድ በአደራ ሂሳብ ይቀመጣል። መያዣ የተባለው የታደሰ ቤት ገና በዓይን የማይታይ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ገንዘቡ የሚወጣው ቤቱ ከወረቀት ወደ መሬት በወረደ መጠን ነው። ይህን የሚመሰክረው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የተመዘገበው አማካሪ ነው። ለመመዝገብ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ወይም አርክቴክት መሆን፣ አለዚያም በሥራ ተቋራጭነት ወይም በቤት ምርመራ ቢያንስ የሦስት ዓመት ልምድ ማሳየት ያስፈልጋል።

አማካሪው አስቀድሞ ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ይመረምራል። ባለቤቱ የፈለገውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ያላየውን፣ ነገር ግን ለጤናና ለደኅንነት የግድ የሆነውን ይጽፋል፤ የበሰበሰ ተሸካሚ እንጨት፣ ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ እርሳስ ያለበት ቀለም። እርሳስ ያለበት ቀለም በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሁሉ ይጠረጠራል። ባለቤቱ የማእድ ቤቱን መደርደሪያ ሲያስብ አማካሪው የፍሳሽ መስመሩን ያስባል፤ ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነም የሚቀድመው የፍሳሽ መስመሩ ነው። ከዚያ የሥራው ዝርዝርና የዋጋ ተመን ይዘጋጃል።

ሥራው ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመካከልም ከ30 ተከታታይ ቀን በላይ መቋረጥ የለበትም። ተቋራጩ የሠራውን ያህል ሲጠይቅ አማካሪው መጥቶ ያያል። 20,000 ዶላር የሚያወጣ ሥራ ተሠርቶ ካገኘ 18,000 እንዲከፈል ይፈርማል፤ 10 በመቶው መያዣ ሆኖ ይቀራል። በመደበኛው 203 ኬ እንዲህ ያለው ክፍያ ከመጨረሻው ጋር ከአምስት አይበልጥም። ግድግዳ ተከፍቶ ያልታሰበ ብስባሽ ቢገኝ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ተጽፎ ወጪው ከመጠባበቂያው ይወጣል። ቤቱ እስኪያልቅ ሊኖርበት የማይቻል ከሆነም ባለቤቱ በአንድ በኩል ኪራይ፣ በሌላ በኩል የብድር ክፍያ እንዳይደራረብበት የተወሰኑ ወራት ክፍያ በብድሩ ውስጥ ሊታሰብለት ይችላል።

ለዚህ ማኅበር አባላት ከዚህ ውስጥ አዲስ ነገር የለም። የሥራ ዝርዝሩም፣ መያዣውም፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱም በመንገድና በድልድይ ሥራ የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር ለአንድ ቤተሰብ ጣሪያ ሲባል ይህ ሁሉ ሥርዓት መዘርጋቱ ነው። ባንኩ ገንዘቡን የሚያወጣው፣ መንግሥትም ለባንኩ ዋስ የሚሆነው፣ በዚያ ፊርማ ተማምነው ነው።

ፊርማው ሲረክስ የሚሆነውን ኒው ዮርክ አይታዋለች። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሃርለምና በብሩክሊን፣ ቀደም ሲል ብድር ተነፍጓቸው ባረጁት በእነዚያው ሰፈሮች፣ 203 ኬ ተስፋ ሆኖ ገባ። በ1996 ለትርፍ ቤት የሚገዙ ሰዎች ከዚህ ብድር ቢታገዱም ለትርፍ አልቆምንም የሚሉ ድርጅቶች ግን መበደራቸውን ቀጠሉ። ነጋዴዎች ያረጁትን ቤቶች በርካሽ እየገዙ ወዲያው በብዙ እጥፍ ዋጋ ለእነዚህ ድርጅቶች ሸጡ፤ ገማቾች የተጋነነውን ዋጋ አጸደቁ፤ አበዳሪዎች የመንግሥትን ዋስትና ተማምነው ገንዘቡን ለቀቁ። ለእድሳት የተመደበው ገንዘብ ሲወጣ እድሳቱ ግን አልነበረም። ዕዳው አልተከፈለም። በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ተበላሽተው ቀሩ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚኖሩ ተከራዮችም ክረምቱን ያለ ማሞቂያ አሳለፉ። ኋላ ክስ ተመሥርቶ የተፈረደባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቤቶቹን የማስጠገኑም ሸክም በመንግሥት ላይ ወደቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕጉ አልጎደለም። መጠባበቂያውም፣ መያዣውም፣ ምርመራውም በመመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር። የጎደለው በቦታው ተገኝቶ ‹‹ይህ ሥራ አልተሠራም›› የሚል ሰው ነው። በ1954 ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ብሎ የፈረመው የተታለለ ባለቤት ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ግን እንዲያረጋግጡ የተሾሙ ሰዎች ባሉበት የሆነ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚከፋውም ለዚህ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በቅርቡ የተደረገው ለውጥ ጥንቃቄ ይሻል። ከመደበኛው ሌላ ‹‹ውስን 203 ኬ›› የሚባል አለ፤ የቤቱን ተሸካሚ አካል ለማይነካ ሥራ የሚያገለግል ሲሆን አማካሪ መቅጠር ግዴታ አይደለም። በተወሰነ ሁኔታም ሥራው ሳይጀመር ለተቋራጩ እስከ ግማሽ ድረስ ሊከፈል ይችላል። የዚህ ብድር ጣሪያ ለብዙ ዓመታት 35,000 ዶላር ነበር፤ ከኅዳር 2024 ጀምሮ 75,000 ሆኗል። የመደበኛው ማጠናቀቂያ ጊዜም ከስድስት ወር ወደ አሥራ ሁለት ወር አድጓል። ጊዜው መራዘሙ ተገቢ ነው፤ ፈቃድ ለማውጣትና ዕቃ ለማግኘት ብቻ ወራት እንደሚያልፉ ያልደረሰበት ባለሙያ የለም። ጣሪያውም ቢሆን ከዋጋ ንረቱ ጋር መነሣቱ አያስደንቅም። ነገር ግን ከእጥፍ በላይ የሚበልጥ ገንዘብ ያለ አማካሪ እንዲወጣ ሲፈቀድ፣ የተቆጠበው የአማካሪው አበል ከሚደርሰው ጉዳት ጋር መመዛዘን ነበረበት።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚገኙት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው ይኖራሉ፤ በዋጋ የሚቀመሰውም ብዙውን ጊዜ ያረጀው ቤት ነው። 203 ኬ አንድን ቤት እስከ አራት መኖሪያ ድረስ ለመክፈል ስለሚፈቅድ፣ ምድር ቤቱን በደንቡ መሠረት ሠርቶ ለማከራየት ለሚያስብ ቤተሰብ ይመቻል። ይሁን እንጂ ከግንቦት 2025 ወዲህ ኤፍ ኤች ኤ መድን የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ሆኗል፤ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ከዚህ በር ተመልሷል። ያልተፈቀደለትን ሰው ‹‹እናስጨርስልሃለን›› እያሉ ገንዘብ ለሚቀበሉ አማላጆች ይህ ምቹ ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያ ያሉ የሙያ ባልደረቦች ለወገኖቻቸው አስቀድመው ቢነግሩ ይበጃል።

በኢትዮጵያ ግን ቋጠሮው ሌላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ቤቱን ያውቀዋል፤ የትኛው ማገር እንደ ላላ፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደ ተበሳ ይናገራል፤ በመያዣነት ግን ሊያቀርበው አይችልም። ቀበሌው በበኩሉ ቤቱ ቢኖረውም ከጥቂት ብር ኪራይ የጥገና ወጪ ሊያወጣ አልቻለም። ተበዳሪ የሚሆን ሰው ከሌለ ዋስትናው ምንም ያህል ለጋስ ቢሆን የሚጨብጠው ነገር የለም። ስለዚህ 203 ኬን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት የሚቻል አይደለም። በባንክ ብድር የተገዛ ቤትና ኮንዶሚኒየም ግን ባለቤት አለው፤ እነዚያም ያረጃሉ፤ የጋራ ጣሪያቸውና የፍሳሽ መስመራቸው ማደሻ የሚፈልግበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ከአሜሪካው ሕግ ሊወሰድ የሚችለው ገንዘቡን በአደራ የማስቀመጡና በተሠራው መጠን የመልቀቁ ሥርዓት ነው።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ይቀራል። በ203 ኬ የአማካሪው አበል የሚወጣው ከተበዳሪው ገንዘብ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለአበዳሪው ነው። ባለቤቱ ቤቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ይቸኩላል፤ ተቋራጩ ካልተከፈለኝ ሠራተኛዬን አነሣለሁ ይላል። ሁለቱም ‹‹የቀረው ትንሽ ነው፤ ፈርምልን›› ሲሉ አማካሪው በር ላይ ቆሞ ያልተገጠመውን መስኮት ይቆጥራል። መስኮቱ ካልተገጠመ አይፈርምም፤ ሌላ ቀን ይመለሳል። ሲገጠም ይፈርማል፤ ባለቤቱም ሥራውን መቀበሉን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ተቋራጩና ዕቃ አቅራቢዎቹ በቤቱ ላይ የሚጠይቁት ነገር እንደሌለ ፈርመው ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ የተያዘው 10 በመቶ ይለቀቃል፤ ከብድሩ የተያዘ መጠባበቂያ ሳይነካ ከቀረም ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል።